ያሸነፈ ፈረስ ፖርትሬት፦ ጥቁር ባክግራውንድ፣ ሙሉ ቁመና፣ 50 በ75 ህትመት

ሐረጎ_ዕይታ (ኮምቦልቻ) · ሰኞ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። በግልቢያ የቀደሙ ሦስት ፈረሶች፣ አንድ ዳማ፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ አምባላይ (ነጭ)፣ ለሆቴል እንግዳ መቀበያ በትልቁ ይታተማሉ። መጠኑ 50 በ75 ሴ.ሜ. ነው። የተፈለገው እንደ ሥዕል ዝም ያለ፣ ባክግራውንዱ ድፍን ጥቁር የሆነ ሥራ ነው እንጂ የበዓል ፎቶ አይደለም።

ሙከራው ላይ ሦስት ችግር አለ። የፈረሱ ጭንቅላት ይገዝፍና እግሩ ያጥራል፤ ጥቁር መሆን ያለበት ባክግራውንድ ግራጫ ይወጣል፤ የጥቁሩ ፈረስ ጀርባ ደግሞ ሰማያዊ ይመታል። ዕቃው ካኖን 700ዲ፣ 18–55 ሌንስ፣ 50 ሚ.ሜ. ሌንስና አንድ ፍላሽ ነው። ቦታ ሁለት አማራጭ አለ፤ ኮምቦልቻ ትልቅ በር ያለው መጋዘን፣ ደሴ ደግሞ አጥሩ ውስጥ ሜዳ ያለው ጋጣ።

ጦሳ_ሥር (ደሴ) · ሰኞ ከምሽቱ 2:48

አብሽሪ እህቴ፣ ሦስቱም ችግሮች መፍትሔ አላቸው፤ ካሜራሽን መቀየር አያስፈልግም። እኔ በመጀመሪያው ልጀምር።

የጭንቅላቱ መግዘፍ የርቀት ጉዳይ ነው። የፈረስ ፊት ከአፍንጫ እስከ ጆሮ 60 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ 1.5 ሜትር ላይ ቢቆም ጆሮው 2.1 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር 1.4 እጥፍ ገዝፎ ይወጣል። ወደ 6 ሜትር ራቂ፤ ልዩነቱ ወደ 1.1 ይወርዳል፣ ዓይንም አያስተውለውም። ሌንስ መቀየር ፍሬሙን ያጠብባል ወይም ያሰፋል እንጂ ይህን አያስተካክልም። የሚያስተካክለው የቆምሽበት ቦታ ነው።

ለሙሉ ቁመና 50 ሚ.ሜ. ሌንስሽን ይዘሽ 7 ሜትር ራቂ። በ700ዲ ፍሬሙ ወደ 3.1 ሜትር ስፋት ይይዛል፣ ፈረሱም በፊቱና በኋላው ባዶ ቦታ ተርፎለት ይገባል። በ18 ሚ.ሜ. 2.5 ሜትር ላይ ሆነሽ ብታነሺም ያው 3.1 ሜትር ይገባልሻል፤ ግን ሆዱ ይነፋል፣ ዳሌውና አንገቱ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ከ700ዲ የሚበልጥ) ካሜራና 70–200 ሌንስ የሚያከራይሽ ካገኘሽ 200 ላይ አድርገሽ 18 ሜትር ራቂ። መጋዘኑ ፊት ለፊት ያን ያህል ሜዳ ካለ ከዚህ የተሻለ የለም።

እግር ማጠሩ ደግሞ ከቁመት ነው። የውጭዎቹ የውድድር ፈረሶች ትከሻቸው ላይ 1.6 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። የእኛ አገር ፈረስ በአብዛኛው 1.3 ሜትር አካባቢ ነው። ቆመሽ ስታነሺ ሌንሱ ከጀርባው በላይ ይሆናል፣ ከላይ ወደ ታች ያየዋል፣ ጀርባው ሰፍቶ እግሩ ይቆረጣል። ተንበርከኪ። ሌንሱ ከመሬት ከ80 እስከ 90 ሴ.ሜ. ይሁን፣ የኮርቻው መቀነቻ በሚያልፍበት ልክ አነጣጥሪ። ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ላይ የሚጻፈው የካሜራ ቁመት ለረጅም ፈረስ የተሰላ ስለሆነ ለእኛ አይሠራም።

ባልደራስ · ሰኞ ከምሽቱ 3:30

ልጄ፣ ካሜራውን እነሱ ይንገሩሽ፤ እኔ አቋቋሙን ልናገር። ብዙ የፈረስ ፎቶ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ፈረሱ በጎኑ ሲቆም አራቱም እግሮች መታየት አለባቸው። በአንቺ በኩል ያለው የፊት እግር ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ ይቁም። ማዶ ያለው የፊት እግር አንድ ጫማ ያህል ወደ ኋላ ይቅር። የኋላ እግር ላይ በአንቺ በኩል ያለው ወደ ኋላ ይሂድ፤ ከቋንጃው በታች ያለው አጥንት ለመሬቱ ቀጥ እስኪል ድረስ ብቻ። ከዚያ ካለፈ ወገቡ ይጎደጉዳል። ማዶ ያለው የኋላ እግር ትንሽ ወደ ፊት ይግባ። አንድ እግር ከተሳሳተ ያንን እግር በእጅ ለማንቀሳቀስ አትታገሉ። ፈረሱን አንድ ዙር አዙራችሁ እንደገና አስገቡት፣ ራሱ ረግጦ ይቆማል።

አንዱን የኋላ እግሩን አሳርፎ በሰኮናው ጫፍ ከቆመ ዳሌው ወደ አንድ ወገን ይወድቃል፤ ያ ፎቶ አይሆንም። መሬቱ ወደ ፊት ቁልቁል ከሆነም ዳሌው ከትከሻው በላይ ይወጣል። ደሴ ላይ ደልዳላ መሬት ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ ከቸገረ ፊቱን ወደ ዳገቱ አድርጉት፣ ትንሽ ብቻ።

ጭድ የበላ ፈረስ ሆዱ ይንዘረጠጣል። ከማንሳት በፊት ጭዱን አቆዩት፤ እንዳይቁነጠነጥ አንድ ሁለት እፍኝ ገብስ ይበቃዋል። ለግልቢያ የተዘጋጀ ፈረስ ጎድን አጥንቱ ብልጭ ማለቱ ጤናማ ነውና አትደብቁት፤ የሮጠ ሰውነት እንዲያ ነው።

ጆሮ! ጆሮው ወደ ኋላ ከተኛ የተቆጣ ይመስላል፣ ወደ ጎን ከወደቀ ያንቀላፋ ይመስላል። ያዡ ዛቡን አላልቶ ትከሻው ዘንድ ይቁም። ሌላ ሰው ካንቺ ጎን 4 ሜትር ላይ ሆኖ በጣሳ ገብስ ያንኳኳ። ጆሮው የሚቆመው ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። እግሩና ብርሃኑ ሳይስተካከል አታንኳኩ፤ ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል፣ ከዚያ በኋላ አይሰማችሁም። ፊት ለፊቱም አትቁሚ። ፈረስ ዓይኑ በጎኑ ስለሆነ ዙሪያውን ያያል፤ የማያየው ከግንባሩ ሥር ያለውንና ከጭራው ጀርባ ያለውን ነው። እዚያ ቦታ ላይ ድምፅ ከሰማ ይደነግጣል።

ቦርከና_ስቱዲዮ (ኮምቦልቻ) · ሰኞ ከምሽቱ 4:05

ጋሽ ባልደራስ ያሉትን ሁሉ ተግብሪው። እኔ ስለ ጥቁሩ ባክግራውንድ።

መጋዘኑን ምረጪ። ፍላሽም ጨርቅም አያስፈልግም። ፈረሱ በሩ አፍ ላይ ይቆማል፣ ከኋላው የመጋዘኑ ጨለማ አለ፣ ብርሃኑ ከውጭው ሰማይ ይመጣል። ካሜራው ለፈረሱ ሲለካ ጨለማው ድፍን ጥቁር ይሆናል። እንዲሠራ ግን እነዚህ መሟላት አለባቸው።

በሩ ላይ ቀጥተኛ ፀሐይ አይረፍ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ወደ ሰሜን የሚያየው በር ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። በሰኔና በሐምሌ ግን እኛ ዘንድ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ያኔ ያው በር ፀሐይ ያገኘዋል።

ከፈረሱ ጀርባ ቢያንስ 5 ሜትር ባዶ ጨለማ ይኑር። የጀርባ በር፣ መስኮት፣ የቆርቆሮ ቀዳዳ በሙሉ ይዘጋ፤ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ በፎቶው ላይ እንደ ኮከብ ትበራለች። ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም የተቀባ ግድግዳ ከኋላ ካለ ወይ ይነሳ ወይ ይሸፈን።

ፈረሱ ከበሩ መስመር ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይግባ። ወደ ውጭ ከወጣ ብርሃኑ ከላይ ይመጣና ጀርባው ነጥቶ ሆዱ ይጨልማል። ሁለት ሜትር ከገባ ደግሞ ብርሃኑ ይደክማል፣ ከኋላው ጨለማም ጋር ያለው ልዩነት ይጠፋል።

ማኑዋል ላይ ሥሪ። አውቶ ከሆነ ካሜራው ያን ሁሉ ጥቁር አይቶ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል፤ ለግራጫው አንዱና ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው። መነሻ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 5.6፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/250 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 አድርጊና ከዚያ አስተካክዪ። ከ1/250 በታች አትውረጂ፤ የቆመ ፈረስም ዝንብ ሲነካው ቆዳውን ያርገፈግፋል፣ ጆሮውን ይወዘውዛል።

ለጭንቅላት ፖርትሬት 2.8 ላይ አትክፈቺ። 85 ሚ.ሜ. ሌንስ 4 ሜትር ላይ በአንቺ ካሜራ 2.8 ሲሆን የሚጠራው 24 ሴ.ሜ. ያህል ጥልቀት ብቻ ነው፤ ዓይኑ ጥርት ብሎ አፍንጫው ይደበዝዛል። 8 ላይ 65 ሴ.ሜ. በላይ ይደርሳል፣ ፊቱ በሙሉ ይገባል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ጫማ የተመታ ፈረስ ይንሸራተታል። አፈር ወይም አሸዋ አልብሱት። ጭድ አትበትኑ፤ ብናኙ አየር ላይ ቆሞ ብርሃን ይይዛል፣ ጥቁሩም ተመልሶ ግራጫ ይሆናል።

መንበረ_ፀሐይ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 1:20

መጋዘን ለሌላቸው ጥቁር ጨርቅ ሜዳ ላይ ቢወጠርስ? መርካቶ ርካሹ ጥቁር ሳቲን አለ።

ቦርከና_ስቱዲዮ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 1:55

ሳቲን ያበራል፣ እጥፋቱ ሁሉ ይታያል። ጨርቅ ከሆነ ከፋይ ይሁን፤ ፀጉሩ ብርሃን ይውጣል። ለሙሉ ቁመና ቢያንስ 4 ሜትር ስፋት በ3 ሜትር ቁመት ያስፈልጋል፣ ፈረሱም ከጨርቁ 3 ሜትር መራቅ አለበት። እኔ ግን ለጭንቅላትና ለአንገት ካልሆነ አልመክርም። ነፋስ አንዴ ጨርቁን ካርገበገበው ያ ፈረስ የዚያን ቀን ተመልሶ አይቆምም።

ሌላ የግራጫ ምክንያት፦ ሌንሱ። ክረምት ላይ ደሴ ጉምና እርጥበት ስለሚበዛ ቦርሳ ውስጥ የሚቀመጥ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል። የሌንሱን ኋላ ወደ ፊትሽ አድርገሽ በስልክ መብራት አሳልፊና እዪው፤ ቀጫጭን የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ጥቁሩ በሙሉ ይገረጣል። ይህን ፎቶሾፕ በደንብ አይመልሰውም።

ጦሳ_ሥር · ማክሰኞ ከጠዋቱ 2:30

ስለ ሰማያዊው ጀርባ። የተወለወለ ጥቁር ፈረስ እንደ መስታወት ነው። ጥላ ውስጥ ሲቆም ጀርባው ላይ የሚያበራው ሰማዩ ራሱ ነው፤ ሰማዩ ሰማያዊ ከሆነ ጀርባውም ሰማያዊ ነው። ደመናማ ቀን ብትመርጪ ግማሹ ችግር ይጠፋል። ፖላራይዘር ፊልተርም ይቀንሰዋል፣ ግን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) ብርሃን ይበላል፤ ደግሞም ጨርሰሽ ካጠፋሽው ፀጉሩ እንደ ከሰል ደርቆ ጡንቻው ይጠፋል። ቀለበቱን ግማሽ ድረስ ብቻ አዙሪ። የቀረውን ሮው ፋይሉ (ካሜራው ያልነካው ጥሬ ፋይል) ላይ የሰማያዊውን ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ዝቅ በማድረግ ትጨርሺዋለሽ። ዋይት ባላንሱን (የፎቶውን የቀለም ሚዛን) በሙሉ ወደ ቢጫ አትጎትቺ፤ ዓይኑና ልጓሙ አብረው ይቢጫሉ።

ዳማው ሌላ ፈተና አለው። ፀሐይ ላይ ቀይ ቻናሉ ቀድሞ ይሞላል። ጥቅሉ ሂስቶግራም (ካሜራው የሚያሳየው የብርሃን ግራፍ) ደህና ይመስላል፣ ትከሻው ግን አንድ ወጥ ብርቱካናማ ንጣፍ ይሆናል። ሦስቱን ቀለም ለየብቻ የሚያሳየውን ሂስቶግራም ክፈቺ፣ ቀዩ ቀኝ ግድግዳውን ከነካ ሻተሩን አንድ ሦስተኛ ወይም ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ አፍጥኚ። ለአምባላዩ መመዘኛሽ የጉንጩ አጥንትና የአንገቱ ጫፍ ይሁኑ፤ እዚያ ፀጉር ፀጉሩ መታየት አለበት። ጥቁሩ ላይ ደግሞ ጠርዙ ከጨለማው እንዲለይ ከጎን በኩል ሁለት ሜትር ነጭ አቡጀዲ በእንጨት ወጥራችሁ አቁሙ፤ የአንገቱንና የጀርባውን መስመር ያወጣዋል። ጨርቁን ፈረሱ ቀድሞ አይቶና አሽትቶ ይልመደው።

ገራዶ_ካሜራ · ማክሰኞ ከቀኑ 6:40

ፍላሹ ለምን ተረሳ? ለጥቁር ፈረስ ጠርዝ ለማውጣት ከአቡጀዲ ይሻላል፤ ብርሃኑን በልክ ማድረግ ይቻላል።

ባልደራስ · ማክሰኞ ከቀኑ 7:15

ላልለመደ ፈረስ፣ በዝግ ቦታ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ፍላሽ አልደግፍም። ቢደነግጥ መጀመሪያ የሚጎዳው ያዡ ነው።

ገራዶ_ካሜራ · ማክሰኞ ከቀኑ 7:32

እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ ሳይለምድ አይደረግም። የማለማመጃው መንገድ እንዲህ ነው፦ ከ10 ሜትር፣ በትንሹ ኃይል፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያበሩ፣ ገብስ እየበላ። ካልደነበረ ቀስ በቀስ ይቀርባል። ከደነበረ ፍላሹ ይቀራል፣ በቃ።

ካሜራው ላይ ሰክቶ ማንሳት ግን ለፈረስ ፈጽሞ አይሆንም። ከዓይኑ ጀርባ ብርሃን መላሽ ሽፋን አለ፤ ብርሃኑ ከሌንሱ አጠገብ ከመጣ ዓይኑ አረንጓዴና ሰማያዊ እያለ ያበራል፣ ያ የድመት ዓይን ይመስላል። ከጎን በኩል፣ ከዓይኑ ከፍ ብሎ ሲመጣ ብቻ ነው ዓይኑ ጥቁር ሆኖ አንድ የብርሃን ነጥብ የሚይዘው።

ሰኞ_ገበያ · ማክሰኞ ከምሽቱ 1:05

ከማተም በፊት ጠባሳውን፣ የልጓም ምልክቱን፣ ጋማው ላይ ያለውን ሁሉ ማጽዳት ይቻላል። ሆቴል የሚፈልገው ንጹሕ ነገር ነው። ጥቁሩ ግንባሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭም ማጥፋት ይሻላል፣ ድፍን ጥቁር ይሆናል።

ባልደራስ · ማክሰኞ ከምሽቱ 1:40

ቦራውን? አይሆንም። ያ ፈረስ ሲቀድም ያየው ሕዝብ የሚያውቀው በዚያች ነጭ ነው። እሷ ከጠፋች ሌላ ፈረስ ሆነ። ግንባሩ ላይና አንገቱ ላይ ያለው አዙሪትም እንደዚሁ፤ ፈረስ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ጦሳ_ሥር · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:00

በዚህ ከጋሽ ባልደራስ ጋር ነኝ፤ በውጭውም ዓለም ደንቡ ይኸው ነው። የንጹሕ ዘር የውድድር ፈረሶች ፓስፖርት ላይ ነጭ ምልክቶቹና የፀጉሩ አዙሪቶች የተነሱበት ቦታ ሁሉ ይመዘገባል፤ መለያቸው እሱ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈውና የመጨረሻውን በ31 የፈረስ ርዝመት የቀደመው ሴክሬታሪያት ዳማ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ፣ ሦስት እግሩ ላይ ነጭ። ከእነዚህ አንዱን ብታጠፉ የሚያውቁት ሰዎች «ይሄ እሱ አይደለም» ይላሉ።

ባዶ ባክግራውንድም የፎቶ ሰዎች ፈጠራ አይደለም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆርጅ ስታብስ በ1762 እ.ኤ.አ. ገደማ ዊስልጃኬት የተባለውን የውድድር ፈረስ በእውነተኛው መጠኑ ሲሥል ሰማይም መሬትም አላደረገለትም። ሥዕሉ ወደ 2.9 ሜትር ከፍታ አለው፣ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ይገኛል። ባዶው ቦታ ጉልበት የሚኖረው በፈረሱ ላይ ያለው ዝርዝር በሙሉ እውነት ሲሆን ነው፤ ደም ሥሩ፣ የሰርኑ እጥፋት፣ የጋማው አወዳደቅ።

ስለዚህ የሚጸዳው የዕለቱ ነገር ብቻ ይሁን፦ ዝንብ፣ የአፍ አረፋ፣ ገለባ፣ የዛቡ ገመድ። የሰውነቱ የሆነው ይቆይ። ለገመዱ ደግሞ ፈረሱ ከመግባቱ በፊት ትራይፖዱን ሳትነኪ ባዶውን በር አንድ ጊዜ አንሺው፤ ያዡንና ዛቡን ስታጠፊ የምትሸፍኚበት ታገኛለሽ።

ሰኞ_ገበያ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:12

ተቀብያለሁ። ስለ አዙሪቱ አላሰብኩም ነበር። የበዓል ግላሱና ጌጡስ ይኑር?

ባልደራስ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:25

ለቁመናው ፎቶ ይውለቅ፤ ግላስ ትከሻውንና ሽንጡን ይሸፍናል። ለጭንቅላቱ ፎቶ ግን የራሱ ልጓም ይኑር፣ የተዋሰ ሳይሆን የሚጋለብበት። ከታች ስሙ ይጻፍ። ወሎ ንጉሥ ሚካኤልን በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ብሎ የጠራ አገር ነው፤ የፈረስን ስም ሳይጽፉ መስቀል አይገባም።

ህትመት_ፒያሳ (ደሴ) · ረቡዕ ከጠዋቱ 3:10

ስለ ህትመቱ ጥቂት። የ700ዲ ፋይል 5184 በ3456 ፒክስል ነው። 75 ሴ.ሜ. ላይ ሲዘረጋ በኢንች 175 ፒክስል ገደማ ይሆናል፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ለሚያይ ሰው በቂ ነው፣ ካልቆረጥሽው። ስለዚህ ፍሬሙን እዚያው ካሜራው ላይ ጨርሺ።

ባነር ማሽን ላይ አታሳትሚ። ለማስታወቂያ የተሠራ ነው፤ ጥቁሩ ነጠብጣብ ይሆናል፣ የጡንቻው ጥላ ይደፈናል። ፒግመንት ቀለም የሚጠቀም ማተሚያና ከጥጥ የተሠራ 300 ግራም ገደማ ወረቀት ያለው ቤት አዲስ አበባ ይገኛል፤ ለሦስት ፎቶ መላኩ ያዋጣል። ማት ወረቀት ላይ ጥቁሩ በስክሪን ከሚታየው ይቀልላል፣ ጥላ ውስጥ ያለው ዝርዝርም አብሮ ይሰምጣል። ስለዚህ ሙሉውን ከማሳተም በፊት ከጥቁሩ ፈረስ ትከሻ ላይ 10 በ15 የሚሆን ቁራጭ በእውነተኛው መጠን አሳትሚና መስኮት አጠገብ እዪው። ጨልሞ ከታየ ጥላውን ብቻ ትንሽ አንሺ፤ ጠቅላላ ብርሃኑን አትንኪ።

ፍሬም ሲደረግ መስታወቱ ህትመቱን አይንካ፤ በእርጥበት ጊዜ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ፓስፓርቱ (በህትመቱ ዙሪያ የሚገባ ካርቶን) ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ቀጭን እንጨት በመሀል ይግባ። ጥቁር ፎቶ በተራ መስታወት ሥር ከመስኮት ትይዩ ከተሰቀለ እንግዳው የሚያየው የራሱን ፊት ነው። ከመስኮቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ወይም በጎን ይሰቀል።

ሐረጎ_ዕይታ · ረቡዕ ከምሽቱ 1:30

እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ባልደራስ፣ ሁላችሁም። ዳማውና ጥቁሩ በመጋዘኑ በር ይነሳሉ፣ 50 ሚ.ሜ.፣ 7 ሜትር፣ ተንበርክኬ። ቦራው አይነካም። የቀረው አምባላዩ ነው፤ ባለቤቱ ኮምቦልቻ ድረስ አላወርድም ብሏል፣ ስለዚህ ደሴ ሜዳው ላይ ይነሳል። ስንት ሰዓት ላይ?

ጦሳ_ሥር · ረቡዕ ከምሽቱ 1:52

ጥሩ ነው ያላወረደው፤ ለአምባላይ ደሴ የተሻለ ብርሃን አላት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ከተማው ጥላ ውስጥ ይገባል፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ሰማይ ግን ገና ብሩህ ነው። ያ ሰማይ አንድ ትልቅ ሶፍት ቦክስ (ለስላሳ ብርሃን የሚሰጥ የስቱዲዮ መብራት) ነው። የፈረሱን ጎን ወደ ምሥራቅ አዙሩት፣ አንቺ ምሥራቁን ከጀርባሽ አድርጊ። ባክግራውንዱ ጥላ የያዘው ዳገት ወይም የባሕር ዛፉ ጥቁር ግንድ ይሁን፣ ቢያንስ 20 ሜትር ከኋላ፤ ሰማይ ፍሬሙ ውስጥ አይግባ።

ቀድመሽ አንድ ቀን ያለ ፈረስ ሂጂና ጥላው ሜዳው ላይ የሚደርስበትን ሰዓት በደቂቃ መዝግቢ፤ እንደየወሩ ይለያያል። ፈረሱ ከዚያ ግማሽ ሰዓት በፊት ተቦርሾ እዚያው ሜዳ ላይ ይዙር። የሚታጠበው ግን በዋዜማው ነው፤ በዕለቱ ከታጠበ ጋማው ተጣብቆ ይንጠለጠላል፣ አምባላይ ላይ ደግሞ እርጥቡ ቦታ ሁሉ ግራጫ ሆኖ ይታያል።

ባልደራስ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:05

ሌሊት ጉዝጓዙ ላይ ተኝቶ ጎኑን ቢጫ እንዳያደርገው ጉዝጓዙ ማታ ይቀየር። ጠዋት ቢጫ ካገኛችሁ በውኃ አትሹት፤ አመድ ነስንሳችሁ ሲደርቅ ቦርሹት።